ባለ አረንጓዴ ክዳን

ዶክተሯ ፈሪ ናት ቢባል ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያምን አንድ ሰው አይገኝም ነበር። ጉበታቸውና ቆሽታቸው ላይ ካንሰር የበቀለባቸውን ሰዎች ሆድ ከፍታ፣ ሌላው ሐኪም እጁን የሚሰበስብበት ቦታ ላይ እጇን የምታስገባ ሴት ናት። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ብረቷ» ይሏታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ በልቧ ግን ደስ ሳይላት አይቀርም።

ግን ትፈራ ነበር። የምትፈራው ደግሞ የሰው ደም ሳይሆን የገዛ ደሟን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር ነገር ስለሆነ፣ እዚያ ካንሰር ሲነሳ ለባለቤቱ ቶሎ አይነግረውም። ሰውየው ሐኪም ቤት የሚመጣው ዐይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሱሪው ሲሰፋው፣ ጀርባውን እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሲይዘው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱም ላይ ተዘርቷል። ዶክተሯ ሆድ ከፍታ፣ አይታ፣ ምንም ሳታወጣ መልሳ የሰፋችባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለው ቀን ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁትን ቤተሰቦች ልታናግር ስትወጣ፣ ገና አፏን ሳትከፍት ፊቷን ያነቡታል። እነዚያን ዐይኖች ቤቷም ድረስ ይዛቸው ትሄዳለች። ኋላ ላይ፣ ካንሰሩ ገና እንጭጭ ሳለ ከደም ውስጥ የሚያጋልጠው ምርመራ ካልሠራሁ እኔም ሰው አይደለሁ ብላ ተነሳች፤ የሳምንቱን ግማሽ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ ግማሹን ምድር ቤት ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሳለፍ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል።

ምርመራው እውነት መናገር አለመናገሩን ለማወቅ የሁለት ዓይነት ሰው ደም ያስፈልጋል፤ የታመመና ያልታመመ። የታመሙት ደም ቀይ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይቀመጣል፣ የጤነኞቹ አረንጓዴ ክዳን ባለው። ቀዩ ችግር ኖሮበት አያውቅም። አረንጓዴው ነው ያስቸገረው፤ ምን ሆንኩና ብሎ ሳይታመም ክንዱን የሚዘረጋ ማን አለ? ስለዚህ ቤተ ሙከራው የራሱን ልማድ አበጀ። ሠራተኛው ራሱ ይሰጣል፣ ቤተሰቡንም ይዞ ይመጣል። ጽዳት ሠራተኞቹ ሰጡ፣ ሾፌሩ ሰጠ፣ ማደንዘዣ ሰጪው ሰጠ፤ ዶክተሯ ባሏንና ታናሽ ወንድሟን እየጎተተች አምጥታ አስቀዳች። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይለጠፍም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀትም የትም የለም። ገና ባልተረጋገጠ ምርመራ ሰው በከንቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ ነው። ይህን ሐሳብ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ያቀረበችው፣ ተከራክራም ያሳመነችው፣ ዶክተሯ ራሷ ነበረች።

ራሷስ ሰጥታለች? አልሰጠችም። «ዛሬ ቀዶ ጥገና አለኝ፣ ነገ» ትላለች። ነገ ሲደርስ ስብሰባ ይመጣል፤ ከስብሰባው በኋላ ተማሪ። ሰው ሥራ በዝቶባት ነው ይላል። እውነቱ ግን የዚህን በሽታ መጨረሻ ከማንም በላይ ስላየች ነበር። ስሟ ባይጻፍም፣ የሷ መሆኑን ነፍስ ያለው ሰው ባያውቅም፣ ማሽኑ ውስጥ ደሟ ገብቶ ሲመረመር ማሰቡ ብቻ ወደ ሌላ ሥራ ያሸሻት ነበር።

ደሙን የሚቀዱት እትዬ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ነርስ ሲሆኑ፣ ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ዶክተሯ ቢላ መያዝ ስትማር አጠገቧ ቆመው መሣሪያ ያቀብሏት የነበሩት፣ እጇ ወደማይሆን ቦታ ሲሄድ በአፍንጫቸው «እህህ» እያሉ የመለሷት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ሰው ፊት «ዶክተር» ይሏታል፤ ሰው ከሌለ «አንቺ ልጅ» ነች። ጤና እንደሆነ ሞልቶ ተርፏቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ወጣቶቹን ቀድመው ላይ ይጠብቃሉ፤ ሻይ ክፍል ውስጥ ሰው የተወውን ዳቦ «ይሄ ምን አደረገህ?» ብለው አንስተው ይበላሉ። መርፌ ሲወጉም የራሳቸው የሆነ አነጋገር አላቸው። ላስቲኩን ክንድ ላይ አስረው፣ ደም ሥሩን በጣታቸው ዳብሰው ሲያበቁ፣ «እሱን አትየው፣ እኔን እየኝ» ይላሉ። ግዙፍ ጎረምሳ ሳይቀር እንደ ሕፃን ፊታቸው ላይ ፈጦ ይቀራል፤ ማለቁን የሚያውቀው ጥጡ ሲለጠፍለት ነው።

ውጤቱ በወጣ ቀን ጭምቱ የዶክተሯን በር አንኳኳ። ጭምቱ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውና ውጤቱን የሚተነትነው ባለሙያ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት እትዬ ናቸው፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው ስለሆነ። ያን ቀን ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«የታመሙትን አጥርቶ ለይቷቸዋል» አለ።

«ጎሽ። ጤነኞቹንስ?»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ከጤነኞቹ ሦስቱን ታመዋል ይላል፣ ዶክተር።»

«የሁለቱ ድንበር ላይ ያሉ ናቸዋ?»

«አይደሉም። ክዳናቸው አረንጓዴ ባይሆን ከቀዮቹ ጋር ነበር የምመድባቸው። ስህተት መስሎኝ ከተረፈው ደም ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከውጭ ሾፌሩ መኪናውን እያጠበ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ይሳሳቃል። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ምርመራው ውሸታም ነው፣ የስንት ዓመት ልፋቷንም ውሃ በላው፤ ወይ ደግሞ በዚህ ግቢ ከሚሳሳቁት፣ ወይም ቤቷ ቁጭ ብለው ከሚጠብቋት ሰዎች መካከል ሦስቱ ሳያውቁት ተሸክመውታል። ውሸታም ይሁን፣ አለች በልቧ፤ ልፋቴ ገደል ይግባ። ወዲያው ሌላ ሐሳብ ተከትሎ መጣ። እኔ አልሰጠሁም፣ ከሦስቱ አንዷ እኔ ልሆን አልችልም። ትከሻዋ ወረድ አለ፣ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷን ስታውቅ ደግሞ ጭምቱን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

«ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን ልናገር? የማን እንደሆነ እንኳ አናውቅ።»

በማግስቱ ጠዋት ባሏ የቀረበለትን እንቁላል ግማሹን ተወው። መምህር ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

«ለምን ተውከው?» አለችው።

«ጠገብኩ።»

«ቶሎ መጥገብ መቼ ነው የጀመርከው?»

«አንቺ እንደ መርማሪ ማፍጠጥ የጀመርሽ ዕለት።»

«ሱሪህ ሰፍቶሃል። ቀበቶህን ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው የምታስረው?»

«እንዴ፣ ለወራት ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ሆዴን ያላየሽው ሴትዮ፣ ዛሬ ነው መጉደሉ የታየሽ?»

ወደ መስኮቱ ስባ ወስዳ የታችኛውን የዐይኑን ቆዳ በአውራ ጣቷ ጎተተችው። ነጭ ነው። ሌላኛውንም አየች። ያም ነጭ ነው። የቆሽት ጭራ ላይ የበቀለ ካንሰር ዐይን ሳያቢጭ እንደሚገድል ስለምታውቅ ነጭነቱ አላጽናናትም። ባሏ ቀልዱን ትቶ እጇን ያዘ።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም» አለች፤ «ገና» የሚለው ቃል ከአፏ ሊያመልጥ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

ለወንድሟ ደውላ ጀርባውን ያመው እንደሆነ ጠየቀችው። «እህት ዓለም፣ በዚህ ዕድሜ ጀርባውን የማያመው ካገኘሽ ለእኔም አስተዋውቂኝ» ብሎ ሳቀባት። ስልኩን ዘግታ ኩሽና ውስጥ ቆማ አለቀሰች።

ሥራ ቦታ ደግሞ የባሰ ነበር። ፍርሃት ሲይዝሽ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስልሻል። ሾፌሩ ክንዱን ሲያክ አይታ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ሐሞት ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት ያሳክካልና። ኋላ ላይ የአዲሱ ሹራብ ሱፍ መሆኑን ነገራት። ማደንዘዣ ሰጪው ገርጥቶና ከስቶ ሲገባ ኮሪደር ላይ ያዘችው፤ ለካስ አዲስ የተወለደች ልጁ አላስተኛ ብላው ነው። ጽዳት ሠራተኛዋን ክብደቷን እንድትለካ ብትጠይቃት ሴትዮዋ ተቀየመች።

«ምነው ልጄ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ገበያ በግ የምታገላብጪው?» አሉ እትዬ፣ ሻይ ክፍል ብቻቸውን ሲሆኑ። «ባለፈው ያቺን የጽዳት ጓደኛዬን ወፈርሽ ልትዪያት ነበር አሉ።»

«ከሳሽ ወይ ነው ያልኳት።»

«እሱማ ቢሆን ትስምሽ ነበር። ይልቅ እንኪ፣ ብዪ። አንቺ ነሽ የከሳሽው።»

ዳቦውን ተቀብላ በላች። በዚያ ሰሞን ከግቢው ሰው ሁሉ ዐይኑን ሳታየው፣ ስለ ሆዱና ስለ ጀርባው ሳትጠይቀው የቀረችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፊት ለፊቷ ቆሞ ዳቦ የሚያቀብላት ሰው ነው።

ጭምቱ እንደገና ሲመጣ በሩን እንኳ አላንኳኳም።

«ሦስት ሰው አይደለም» አለ። «ሰው ሁሉ ከእናት ካባቱ የወረሰው፣ ከሌላው የሚለየው ምልክት ደሙ ውስጥ አለ። ይህን ማየት የኛ ሥራ ስላልሆነ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሦስቱን ጎን ለጎን አደረግኋቸው። አንድ ናቸው። ያው አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሰጥቷል።»

ዶክተሯ ብድግ አለች። ሦስት ጊዜ አልተሳሳተም። ስለ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ብልቃጥ፣ ያንኑ እውነት ተናገረ። ከጤነኞቹ መካከል ሌላ ማንንም በሐሰት አልከሰሰም። «ይሠራል» አለች፣ ሳቋ እያመለጣት፤ «ይሠራል እኮ።» የጭምቱን ትከሻ ይዛ ልታቅፈው ምንም አልቀራት።

እሱ አልሳቀም። «ሰውየውስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ማለቴ ሴትዮዋ። ሴት ናት።»

ቁጭ አለች። ባሏ አይደለም፣ ወንድሟም አይደለም፤ ለአንድ አፍታ የሁለቱ መዳን ደረቷን ሞላው። ከዚያ ሴቶቹን በሐሳቧ መቁጠር ጀመረች። ሁሉም የሰጠው አንድ አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ልስጥ የምትል ብትኖር እንኳ እትዬ አይቀበሏትም፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ማንም ሳያያት ሦስት ጊዜ ልትሰጥ የምትችል ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም መርፌውን የያዘችው ናት። ተነስታ ወደ እትዬ ሄደች።

ደም የሚቀዳባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ የብልቃጥ መደርደሪያና የእጅ መታጠቢያ። እትዬ ጥጥ በትናንሹ እየቆረጡ ያንኳልላሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ለኛ ምርመራ ስንት ጊዜ ነው ደም የሰጡት?»

እጃቸው ቆመ። «ተያዝኩ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ምን ላድርግ፤ ማሽኑ ሳጥኑ ካልሞላ አይነሳም ትላላችሁ። ቀኑ ደረሰ፣ ሰው ጎደለ። ያ ግንድ የሚያህለው ዘበኛ መርፌውን ሲያይ ሽንት ቤት ገብቶ አልወጣም አለ። እኔ የራሴን ሰጥቻለሁ፤ ጤነኛ ደም ያው ጤነኛ ደም ነው ብዬ በሱም ፈንታ ቀዳሁ። አጠፋሁ?»

«ይሄ ሁለት ነው። ሦስተኛውስ?»

«ተይው አሁን።»

«እትዬ፣ በማን ፈንታ ነው?»

ጥጡን አስቀመጡ። «ባንቺ ነዋ» አሉ። «ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ስትዪ ቀኑ አለቀ። መፍራትሽን ካወቅሁ ቆየሁ፣ ልጄ። በዚህ ሁሉ ሬሳና በሽታ መሃል የምትውል ልጅ፣ እንኳን ፈራች ብዬ ዝም አልኩ። ሰው ሳያውቅብሽ ቦታሽን ሞላሁልሽ፤ አለቀ።»

ዶክተሯ ለስንት ቤተሰብ የተናገረቻቸው ቃላት ነበሯት። ቁጭ በሉ የሚሉ፣ ቀስ አድርገው የሚያስገቡ፣ ተስፋን የማይቆርጡ ግን የማይዋሹ ቃላት። አንዱም አልመጣላትም። እትዬ ያን ቤተሰቦች ኮሪደር ላይ የሚያነቡትን ፊቷን አነበቡት።

«ጤነኛ ደም አይደለም በይኛ» አሉ።

«ምርመራው ገና አልተረጋገጠም። ምናልባት…»

«አንቺ ልጅ። ይሠራል አይሠራም?»

አይሠራም ብትል ምን ነበረበት? ግን እኚህን ሴት እጇ ሲሳሳት እንኳ ዋሽታቸው አታውቅም። «ይሠራል» አለች።

እትዬ ደም የሚሰጥ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንኳን ሠራ» አሉ፤ «ስንት ዓመት ነው የለፋሽበት።» ከዚያ የሰው ደም ሥር ጨለማ ውስጥ የሚያገኙትን ሁለት እጆቻቸውን ከጭናቸው መሃል ከተቷቸው። «ፈራሁ» አሉ።

እትዬ የሆድ ምስሉን የተነሱት በማግስቱ ነው። የምስል ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ተጠግቶ ሲፈልግ ቆየና በእርሳሱ ጫፍ ጠቆመ። የቆሽቱ ጭራ ላይ ምስር የምታክል ጥላ አለች። «እዚህ ፈልግ ባትዪኝ ኖሮ አላያትም ነበር» አለ። «በዚህ ጊዜ የተገኘች አይቼ አላውቅም።» ዶክተሯ መተንፈስ ልትጀምር ስትል እርሳሱ ወደ ጉበቱ ሄደ። «ይቺ ግን ምን እንደሆነች አላውቅም።» የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ። ከውጭ ሆኖ ማንም ሊያውቃት አይችልም፤ ምንም ላትሆን ትችላለች፤ ከቆሽቱ የመጣች ዘር ከሆነች ደግሞ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ሆዱ ተከፍቶ መዘጋት ብቻ ነው።

ቀዶ ጥገናውን ሌላ ሐኪም ይሥራው ብላ ለመነች። ኃላፊዋን አይደለም የለመነችው፣ እትዬን ነው። «እጄ እሺ ባይለኝስ?»

«የማላውቀው ሰው ሆዴን አይከፍተውም» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት አጠገብሽ የተገተርኩት ለሰው ሆድ ብቻ ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ እስከ ቀዶ ጥገናው ቀን ድረስ የኖረችው እንዴት እንደነበር ባሏ ያውቃል። እንቁላሉን በሙሉ እየበላ፣ ቀልዱን ውጦ፣ አጠገቧ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። ሁሉን ነግራዋለች፤ በማን ፈንታ እንደሆነ ግን ለመናገር አፏ አልታዘዝ አላት።

በዕለቱ ጠዋት እትዬ ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ተኝተው መብራቱን ሽቅብ ያያሉ። «ከዚህ በኩል ሲያዩት ለካ ያስፈራል» አሉ ለማደንዘዣ ሰጪው፤ «ስንቱን ሰው ነው አይዞህ ምንም የለም ያልኩት።» መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ እንባዋን በትከሻዋ ልትጠርግ ስትሞክር ጭንብሏ ተጣመመ። ዶክተሯ ንጹሕ ያደረገቻቸውን እጆች ደረቷ ላይ አጥፋ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ እሱን አይዩት፣ እኔን ይዩኝ።»

አዩዋት። ዐይናቸው እየከበደ፣ እየጠበበ፣ ተከደነ።

ሆዱ ሲከፈት የቀዶ ሐኪም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ዶክተሯ መዳፏን አሳልፋ ሙቁን፣ ለስላሳውን ጉበት ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ለስላሳ። ለስላሳ። እንደገና ለስላሳ። ከዚያ የመሃል ጣቷ ቆመ። ያቺው ነች፤ ጠጣር፣ ነጣ ያለች፣ አሸዋ ላይ እንደ ቀረች ጠጠር። እንዲህ ያለችውን በስንት ሰው ጉበት ላይ አግኝታታለች፤ ባገኘችበትም ቀን ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወጥታለች።

ነጥቧን ከነዙሪያዋ ቆርጣ ወደ ፓቶሎጂ ሐኪሙ ላከች። እሱ አቀዝቅዞ፣ ቀጭን አድርጎ ቆርጦ፣ በማጉያ አይቶ እስኪደውል ድረስ ምንም መሥራት አይቻልም። ካንሰር ከሆነ ቆሽቱን መቁረጥ እትዬን በከንቱ ማሰቃየት ነው። እጆቿን እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳርፋ ቆመች። የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ ማደንዘዣ ሰጪው የሌለ ነገር ያስተካክላል። የእትዬ ልጅ ውጭ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ መቀመጧን ዶክተሯ ታውቃለች፤ ስትገባ አይታታለች። እነዚያን እርምጃዎች በሐሳቧ ሄደቻቸው፣ በሩን ከፈተች፣ ልጅቷ ቀና ስትል አየች። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም። ያን ጊዜ፣ እዚያው እንደቆመች፣ ደሟን ስትደብቅ የኖረችው ውጤት ከሚጠበቅበት ከዚህ ቆይታ ሸሽታ መሆኑ ገባት። እትዬ ቦታዋን ሲሞሉ፣ ይህንንም ቆይታ አብረው ወስደውላታል።

ስልኩ ጮኸ። ነርሷ አንስታ የዶክተሯ ጆሮ ላይ ያዘችላት።

«ካንሰር አይደለም» አለ የፓቶሎጂ ሐኪሙ። «ከተፈጥሮ የነበረች የሐሞት ቧንቧ እብጠት ናት። ምንም አታደርግም። ቀጥዪ።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ በወገቧ ተደግፋ ቆመች። «ቢላ» አለች፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። ከዚያ እጇ እሺ አላት። የቆሽቱን ጭራ ከጣፊያው ጋር አወጣችው፣ ምስሯም ውስጡ ነበረች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይህ በሽታ ደህና ሁኑ ብሎ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። የወጣው ሲመረመር ከቆሽቱ አልዘለለም ተባለ፤ ነገ ተመልሶ አይመጣም ያለ ግን የለም። እትዬ በየጥቂት ወሩ ደም ይሰጣሉ፣ ውጤቱ እስኪመጣም ድረስ ግቢው በሙሉ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ዶክተሯ በእነዚያ ወራት አንድ አመል አመጣች፤ እትዬን ስታናግር ጫማቸውን ወይም መደርደሪያውን ታያለች። ፊታቸውን ካየች እንደ ሐኪም ታየዋለችና፣ ምን እንደምታገኝበት ትፈራለች።

እትዬ ወደ ሥራ ሲመለሱ ኮሚቴው ሕጉን አሻሽሎ ነበር፤ ከእንግዲህ ደም የሰጠ ሁሉ ከፈለገ ውጤቱ ይነገረዋል። የጤነኞቹ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሦስት ቦታ ባዶ ሆኗል። አንዱን ዘበኛው ራሱ መጥቶ ሞላው፤ የእትዬ ፊት ላይ እንዳፈጠጠ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ ሰጠ። ሁለተኛውን የእትዬ ልጅ ሞላችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ዶክተሯ መጥታ የደም መቅጃዋ ክፍል በር ላይ ቆመች። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

እትዬ ላስቲኩን አሰሩላት። ከስተዋል፣ ጣታቸው ግን ያው ነው፤ ደም ሥሯን ወዲያው አገኘው።

«ሁሉንም የምጠይቀው ነው» አሉ። «ውጤቱ ይነገርሽ ወይስ ይቅርብሽ?»

ተነስቼ ልሂድ አለች በልቧ፤ ቀዶ ጥገና አለኝ ልበል።

«ይነገረኝ» አለች።

እትዬ ብልቃጡን አነሱ። አረንጓዴ ክዳን ነበረው። መርፌው ሲቀርብ የዶክተሯ ዐይን ተከትሎት ሄደ።

«እሱን አትዪው» አሉ እትዬ። «እኔን እዪኝ።»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ጉንጫቸው ጎድሏል፣ ግንባራቸው ላይ አዲስ መስመር ወጥቷል። ዐይናቸው ነጭ ነበር። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውን ሳይደብቁ ነበር የሚያዩዋት፣ እሷም ዐይኗን ሳትነቅል አየቻቸው፤ ብልቃጡ መሙላቱን ያወቀችው ጥጡ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ነው።